ለልጄ፦ የመጀመሪያ ጌጅሽንና ኮምፒውተርሽን ከመግዛትሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

መልእክትሽ ደርሶኛል። ሥልጠናውን ጨርሰሽ እስከ 18 ሜትር ለመጥለቅ ፈቃድ ማግኘትሽን ደስ ብሎኝ ደጋግሜ አነበብኩት። «ኪራይ በቃኝ፤ የራሴን ዳይቭ ኮምፒውተር ልግዛ፣ የቱ ይሻለኛል?» ብለሽ የላክሽልኝን ሦስት ፎቶዎችም አየሁ። ክንድ ላይ ታስረው ጥልቀትሽንና የቀረሽን ደቂቃ የሚነግሩሽ ሦስቱም ያምራሉ። በሲሊንደርሽ ስንት አየር እንደቀረ የሚያሳይሽን የአየር ግፊት ጌጅ ግን «እሱ እንኳ ያው ነው» ብለሽ አልፈሽዋል። እኔ ከእሱ ልጀምር፤ ለጀማሪ የሚቀድመው እሱ ነውና።

በቁጥር ላሳይሽ። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 2400 ሊትር አየር ይይዛል። የመጨረሻው 50 ባር መጠባበቂያ ስለሆነ አይነካም። ስለዚህ ያለሽ 1800 ሊትር ነው። ከውኃ በላይ በደቂቃ 20 ሊትር የምትተነፍሺ ከሆነ፣ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ ባር ገደማ ስለሚጨምር፣ 18 ሜትር ላይ በደቂቃ 56 ሊትር ትጨርሻለሽ። 1800 ለ56 ሲካፈል 32 ደቂቃ ነው። የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት በሆነው በፓዲ ሰንጠረዥ ደግሞ 18 ሜትር ላይ ቆይቶ፣ መንገድ ላይ ለረጅም ጊዜ መቆም ሳያስፈልግ ለመውጣት የሚፈቀደው 56 ደቂቃ ነው። እንግዲህ በቀኑ የመጀመሪያ ጠለቃሽ ኮምፒውተሩ ገና ብዙ ደቂቃ ቀርቶሻል እያለ አየርሽ ያልቃል። አዲስ ጠላቂ ሲጨነቅ ደግሞ 20 ሊትር መች ይበቃዋል!

ጌጁ ሌላም የሚናገረው ነገር አለ። ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ 20 ሜትር አካባቢ ሆኜ ጌጄን አየሁት፤ 140 ይላል። አየር ስስብ ቀስቱ ወደ 90 ወረደ። መሳቤን ሳቆም ተመልሶ 140 ላይ ቆመ። ጌጁ የተበላሸ መስሎኝ በጣቴ መታ መታ አደረግኩት። በሚቀጥለው ትንፋሽ አየሩ ራሱ ከበደኝ፤ በቀጭን ቀሰም የምስብ ያህል ሆነ። ጓደኛዬ ፊቴን አይቶ ቀረበ፤ ጌጄን በእጁ ይዞ ሁለት ጊዜ ስተነፍስ ተመለከተ። ከዚያ ከጀርባዬ እጁን ሰዶ የሲሊንደሩን ቫልቭ አዞረው። ቀስቱ 140 ላይ ቀጥ አለ። ቫልቩን በጥቂቱ ብቻ ከፍቼው ኖሯል የወረድኩት። እዚያ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ነበር፤ እኔ ነኝ ማንበብ ያልቻልኩት።

ስለዚህ ውኃ ከመግባትሽ በፊት ጌጁን እያየሽ አራት ጊዜ በደንብ ተንፍሺ። ቀስቱ ከተንቀሳቀሰ ቫልቩን አስተካክዪ። ገመድ አልባ ማስተላለፊያ ሬጉሌተርሽ (ከሲሊንደሩ የምትተነፍሺበት ዕቃ) ላይ አስገጥመሽ ግፊቱን ኮምፒውተርሽ ላይ ማንበብ እንደምትፈልጊ ገብቶኛል፤ ጥሩ ነገር ነው። ግን በየጥቂት ሴኮንዱ የሚታደስ ቁጥር እንዲህ ያለውን መወዛወዝ እንደ ቀስት ቁልጭ አድርጎ አያሳይሽም። ባትሪው ካለቀ ወይም ግንኙነቱ ከተቋረጠም ስንት ባር እንደቀረሽ ማወቂያ የለሽም። ማስተላለፊያውን ስትገዢም ተራውን ጌጅ አታውልቂው።

የምትገዢው ጌጅ ሰሌዳው ሰፊ፣ ከ50 ባር በታች ያለው በቀይ የተቀባ፣ የተማርሽበትን መለኪያ የያዘ ይሁን። በባር ተምረሽ በሌላው የግፊት መለኪያ፣ በፒኤስአይ የሚናገር ጌጅ ካንጠለጠልሽ ውኃ ውስጥ ማካፈል ልትጀምሪ ነው። አየሩ ተለቆ ካለቀ በኋላ ቀስቱ ዜሮ ላይ ካላረፈ ለባለሙያ አሳዪው። ቫልቭ ስትከፍቺም የጌጁን መስታወት ከፊትሽ አዙሪው።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። የሚለካው በዋናነት ሁለት ነገር ነው፤ ጥልቀትና ጊዜ። የቀረው ስሌት ነው። ግፊት ውስጥ ስትተነፍሺ ናይትሮጅን በደም በኩል ወደ ሰውነትሽ ይገባል፤ ሳይለቅ ፈጥነሽ ከወጣሽ አረፋ ሆኖ ይጎዳሻል፤ አንዳንዱ የሰውነት ክፍል ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ይለቃል፤ ሌላው ሲገባም ሲወጣም ዝግ ያለ ነው። ይህን በፍየሎች ሞክሮ መልክ ያስያዘው ጆን ስኮት ሃልዴን ነው፤ ሰንጠረዡን እ.ኤ.አ. በ1908 ሲያሳትም ሰውነትን በ5 ክፍል መድቦ ነበር። የዙሪኩ ሐኪም አልበርት ቡልማን ኋላ ላይ ክፍሎቹን 16 አደረሳቸው። ፈጣኑ በ4 ደቂቃ እኩሌታው ይሞላል፤ ዘገምተኛው 635 ደቂቃ ይፈጅበታል። ዛሬ ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች በዚህ ስሌት ይሠራሉ።

635 ደቂቃ ከ10 ሰዓት በላይ መሆኑን ልብ በዪልኝ። ጠዋት የገባው ናይትሮጅን ከሰዓት በኋላም አብሮሽ ነው። «ለጊዜው የጓደኛዬን እያየሁ ብጠልቅስ?» ላልሽውም መልሱ እዚሁ አለ። የእሷ ኮምፒውተር የሚያውቀው የእሷን ጠዋት ነው። እሷ ካንቺ ሦስት ሜትር ከፍ ብላ ዋኝታ ከሆነ፣ የእሷ ቁጥር ለአንቺ ውሸት ነው። ጠዋት ያሰርሽውን ከሰዓትም እሰሪው፤ በሁለት ጠለቃ መሃል ለማንም አታውሺ፤ ባትሪም አትቀይሪ፤ አንዳንዶቹ ባትሪው ሲወጣ የያዙትን ስሌት ይረሳሉና።

አንቺን ግን አያውቅሽም። እንቅልፍ ማጣትሽን፣ ውኃ አለመጠጣትሽን፣ ብርድ ላይ መቆየትሽን አይለካም። ጥንቃቄውን ከፍ የሚያደርግ ማስተካከያ አለው፤ የመጀመሪያውን ዓመት እሱን ከፍ አድርገሽ ተጠቀሚ። ጥቂት ደቂቃ ይቀንስብሻል፣ ይቀንስብሽ።

ከሦስቱ የቱን? ቀለማሙ ይማርካል። እኔ ግን ሁለተኛውን፣ በትልልቅ ጥቁር ቁጥር የሚጽፈውን መረጥኩልሽ፤ ሌላውን ብትወስጂም አልቆጣም፤ ይህን ካለፈልሽ፦ አስሪውና ክንድሽን ዘርጊ፤ ዞር በዪና በአንድ አፍታ መለስ ብለሽ እዪው። ጥልቀቱንና የቀረሽን ደቂቃ ወዲያው ካላገኘሽ ይቅርብሽ። ስትደነግጪ ያለሽ ጊዜ ከዚያ አይበልጥም። ጓንት አድርገሽም ቁልፎቹን ተጫኚ። ሁለት ቁልፍ ኖሮት የት እንዳሉ ጣትሽ የሚያውቀው፣ ምናሌው ውስጥ ከሚያሯሩጥሽ ይሻላል። ፈጥነሽ ስትወጪ የሚጮህበትን መንገድም ፈትሺ፤ ድምፁን አንዳንዴ ስለማትሰሚው ቢንቀጠቀጥ ወይም ስክሪኑ ቢብለጨለጭ ጥሩ ነው። በደቂቃ ከ9 ሜትር አትፍጠኚ፤ 5 ሜትር ላይም 3 ደቂቃ ቁሚ። ናይትሮክስ (ኦክስጅኑ የበዛ አየር) ገና ባትማሪም የሚቀበል ቢሆን ኋላ ሌላ ከመግዛት ያድንሻል፤ ብዙዎቹ ይቀበላሉ። ብሉቱዝ፣ የፎቶ አልበም፣ የእጅ ሰዓት መልክ፣ ስለ እነዚህ እኔን አትጠይቂኝ፤ እንደወደድሽ።

ስትገዢው መጀመሪያ መመሪያውን ይዘሽ ቁጭ በዪና የእያንዳንዱን ምልክት ትርጉም በእጅሽ ጻፊ። የተፈቀደው ደቂቃ ካለፈ ምን እንደሚያሳይ በተለይ አጥኚ፤ ያንን ስክሪን ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ ውስጥ እንድታዪው አልፈልግም።

በሚቀጥለው ጉዞሽ ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ትበሪያለሽ ብለሽኛል። ከተደጋጋሚ ጠለቃ በኋላ ከመብረር በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ይመከራል፤ ወደ ኋላ ሲቆጠር እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው የሚያርፈው። እስከዚያ ድረስ አትግፊው። የመጨረሻ ጠለቃሽን ቅዳሜ አድርጊውና እሑድ ዕቃሽን በንጹህ ውኃ እጠቢ፤ ጌጁንም ጭምር።

አባትሽ