እጄ ሲላጥ እጅ ለሆናችሁኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶቼ፣ ደንበኞቼ፣ ዘመዶቼ።

የአንጀት ካንሰር ኪኒኔ፣ ካፔሲታቢን የሚሉት፣ ስምንተኛው ዙር አለቀ። እግዚአብሔር ይመስገን። ምን እንዳገኘኝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም። የአንጀቱን ነገር ሐኪሞቹ ቆርጠው ሲያወጡት እኔ ተኝቼ ነበር። ነቅቼ ያለቀስኩት በእጄና በእግሬ ነው። ምስጋናዬም ከዚያው ይጀምራል።

መጀመሪያ ላንቺ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላለሽው። ስሜን ከጠራሽ አኩርፍሻለሁ ስላልሽኝ አልጠራሽም። ብሎኩ ግን ያውቅሻል።

በሁለተኛው ዙር ነው፣ ከኪኒኑ የተነሳ፣ መዳፌና ውስጥ እግሬ ይነዝረኝ የጀመረው። ከዚያ ጠቆረ፣ አበጠ፣ ተላጠ። ስለ ኪኒኑ ያነበብኩት ወረቀት «ይቀላል» ይላል። በእኔ ጠይም ቆዳ ላይ ግን ቀድሞ የታየው መጥቆሩ ነው፤ ለዚህ ነው ቶሎ ያልባነንኩት። አንዷ ደንበኛዬማ መዳፌን አይታ «እንሶስላ ሞቅሽ እንዴ? ሰርግ አለ?» አለችኝ። ስቄ ዝም አልኩ። ማታ አለቀስኩ።

ሥራዬ እንጀራ ነው። ቀኑን ሙሉ ምጣድ ፊት ነኝ። ሊጥ አቦካለሁ፣ ምጣድ አስሳለሁ፣ ሰፌድ ይዤ ደረጃ እወጣለሁ። ይህን የእጅና የእግር ሕመም የሚያብሰው ደግሞ ሙቀትና ፍትጊያ ነው። ሌላ ሥራ ቢኖረኝ እንዲህ ባልሆንኩ ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

ደብቄ ነበር። ከተናገርኩ ኪኒኑን ያቋርጡብኛል፣ ካንሰሩም ይመለሳል ብዬ። ያወቅሽብኝ አንቺ ነሽ። ደረጃው ላይ በእግሬ ጠርዝ ስረግጥ አየሽኝ። ምንም ሳትይ ቁጭ አድርገሽ ጫማዬን አወለቅሽ። ከዚያ ተቆጣሽ። በዕድሜ ልጄ ትሆኛለሽ፣ የተቆጣሽኝ ግን እንደ እናት ነው። «ማዘር፣ ነገ ጥቁር አንበሳ እንሄዳለን፣ አለቀ!» አልሽ። ሦስት ታክሲ ቀያይረን ሄድን። በሰልፉ ሁሉ ቦታ የያዝሽልኝ አንቺ ነሽ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ነበር።

ሐኪሟ አላቋረጠችብኝም። አንድ ሳምንት አሳረፈችኝ፣ ከዚያ መጠኑን ቀነሰች። መጠን መቀነስ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም፣ ብዙ ሰው ላይ የሚደረግ ነው አለችኝ። ውኃ እስኪቋጥር፣ ቁልፍ መቆለፍ እስኪያቅት ድረስ አይጠበቅም። ማመም ሲጀምር ያን ዕለት መደወል ነው። ይህንን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ስንቱ ሌሊት ይቀርልኝ ነበር! ይሄን ኪኒን የምትወስዱ ካላችሁ፣ እባካችሁ እንደ እኔ አትደብቁ።

ከዚያ ወዲያ ያደረግሽልኝን ከየት ልጀምረው? ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስተሽ የእኔን ሊጥ ትጋግሪያለሽ። ጋግረሽ ስትጨርሺ ለራስሽ ሥራ ትሮጫለሽ። የእንጀራውን ብር በፌስታል ቋጥረሽ ትራሴ ሥር ታደርጊዋለሽ፣ አንድ ብር ሳትነኪ። «ለታክሲ እንኳን ውሰጂ» ስልሽ ደረጃውን ወርደሽ ትጠፊያለሽ።

ማታ ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ በሳፋ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ከራስሽ ጀሪካን። እግሬን ታደርቂያለሽ፣ ፎጣውን እያስነካሽ ብቻ፤ ማሸት የለም። ቀጥሎ ክሬሙ፣ ከላዩ የጥጥ ካልሲ። በየቀኑ። እኔ ሲሰለቸኝ አንቺ አልሰለቸሽም። እናቴም እግሬን ያጠበችው ልጅ ሆኜ ነው።

ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ትንሽ አቆምኩ። ፊደሉ አልታይ ብሎኝ ነው።

ክሬሙን ካነሳሁ ወንድሜን ልጥቀስ። ሐኪሟ ያዘዘችው 10 በመቶ ዩሪያ ያለበት ነው። ወንድሜ ገበሬ ነው። ስልክ ላይ ስነግረው «ማዳበሪያ እግርሽ ላይ?!» ብሎ ጮኸ። ዩሪያው ለቆዳ የተሠራ ነው፣ ያጠጠረውን ያለሰልሳል፣ እርጥበት ይይዛል ብዬ ባስረዳው አላመነም። በማግስቱ ማር ይዞ መጣ፣ ክሬሙንም አገላብጦ አየው። ወንድሜ፣ መጥተህ ስላየኸኝ አመሰግናለሁ። ማሩ አልቋል።

ሙቅ ውኃ በጨው ያዘዘችልኝ አክስቴ፣ አንቺንም አመሰግናለሁ። ለደግ ነበር። ግን እግሬን ከነከርኩ በኋላ እስኪነጋ ስጮህ አደርኩ። ለሌላ ሰው እንዳትነግሪ ብቻ። የላስቲክ ጓንት ለገዛችልኝም እንዲሁ፤ ነርሷ ሙቀት ያፍናል ብላ አስወለቀችኝ።

የጾሙ ነገር ጨንቆኝ ለንስሐ አባቴ፣ ኪኒኑ ከምግብ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ ጠዋትና ማታ የሚዋጥ መሆኑን ስነግራቸው ሳያስጨርሱኝ «ልጄ፣ ብዪ» አሉ። ለሁለት ቃል ይህን ያህል ማመስገን ይቻላል? ይቻላል።

ጫማ ሰፊያችን የጫማዬን ፊት ቀዶ አሰፋልኝና ብር አልቀበልም አለ። አሁንም ያንኑ ነው የማደርገው፣ ለሰርግም ሳይቀር።

አሻራዬስ? ቆዳው ሲላጥ አብሮ ሄደ። አንድ ጉዳይ ላስፈጽም ሄጄ ማሽኑ አሥሩንም ጣቴን እምቢ አለ። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነበር፣ አንድ ሰው አላጉረመረመም። አንዲት ሴትዮ ወንበር ሰጡኝ። ነርሷ በኋላ ስትነግረኝ፣ ይሄንኑ መድኃኒት የሚወስድ አንድ የሲንጋፖር ሰው በፈረንጆቹ 2008 አሜሪካ ሊገባ ሲል አሻራ ታጥቶበት አራት ሰዓት አቆይተውታል። እኔ ሃያ ደቂቃ ነው የቆምኩት፣ ያውም ወንበር ላይ።

የጥቁር አንበሳ የካንሰር ክፍል ነርሶች፣ እንደዚያ ተጨናንቃችሁ ስሜን መያዛችሁ ይገርመኛል። ዕድራችን፣ የማኅበር እህቶቼ፣ እስከ በሬ የመጣችሁልኝ የባጃጅ ልጆች፣ ሌላ እንጀራ ሳትፈልጉ የጠበቃችሁኝ ደንበኞቼ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ስማችሁን የዘለልኩት ካላችሁ ይቅር በሉኝ። ውለታ ረስቼ አይደለም፤ ጣቴ አሁንም ብዙ ሲጽፍ ይነዝረዋል።

ቆዳው እየተመለሰ ነው። አሻራው ገና ነው። ጋገራ የምጀምረው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ ማክሰኞና ዓርብ፤ ከዚያ በላይ አትዘዙኝ።

አንቺ ሦስተኛ ፎቅ፣ ቅዳሜ ቡና አለ። ቤቱ የእኔ፣ ቡናው የእኔ። ጀበናውን ግን የምትይዢው አንቺ ነሽ፣ ለእኔ ገና ይፋጃል።