ተማሪዎች ለፊርማ ብቻ አይጠሩ

ለሰሜን ሸዋ ዞን ትምህርት መምሪያ
ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፣

በዞናችን ደጋማ ወረዳዎች የማስተምር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። በወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ውስጥ ለተማሪ የተያዘ ቦታ አለ። ብዙ ጊዜ ግን ተማሪው የሚጠራው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

በአንድ ትምህርት ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። የድጎማ በጀት መጣ። ለግቢው በር ቀለምና ለቢሮ መጋረጃ ዋለ። የተማሪዎች ተወካይዋ ከክፍል ተጠርታ መጣች፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረመች፣ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ለማንበብ እንኳ ጊዜ አልተሰጣትም። በዚያው ዓመት የሴቶች መጸዳጃ ቤት መዝጊያ አልነበረውም። ውሃም የለም። ልጅቷን «ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል?» ብሎ የጠየቃት ሰው ቢኖር፣ መልሱ አፏ ላይ ነበር። ሴት ተማሪዎች በወር አበባቸው ቀን ለምን ከትምህርት እንደሚቀሩ የምታውቀው እሷ ናት። እኛ መምህራን የምናየው የስም መጥሪያው ላይ ያለውን የቀሪ ምልክት ነው። አንድ ሮቶና አንድ መዝጊያ ከመጋረጃው በፊት ይመጣ ነበር።

ሌላው የሰዓት ነገር ነው። ዞናችን አንድ ይባል እንጂ አየሩ አንድ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት መንዝ ላይ ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል። ቆላው ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቀመጥ ፈተና ነው። የትምህርት መግቢያው ሰዓት ሲወሰን ግን በዚያ ብርድ መንገድ የሚመታውን ልጅ የጠየቀው የለም። ትንሽ ካረፈደ በሩ ይዘጋበታል። ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ መጥቶ ቀኑን ሙሉ ውጭ ይውላል።

ይህን ጉዳይ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ አቅርቤላቸው ነበር። «በሩ ክፍት ይሁን» ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላሉም። አርፋጁ ይግባ፣ ያመለጠውን ክፍለ ጊዜ በምሳ ሰዓት ያካክስ፣ ከደጋገመ ወላጅ ይጠራ አሉ። የቅርብ ሰፈር ልጅ ካረፈደ ደግሞ ምክንያት እንደሌለው ራሳቸው ተናገሩ። ከእኛ ደንብ የነሱ ደንብ ይሻላል። ፍትሐዊ ነው፣ ማንንም ከትምህርት አያስቀርም።

በነገራችን ላይ፣ ቤተ መጻሕፍት በምሳ ሰዓት የሚዘጋበት ትምህርት ቤት አለ። ከሩቅ የሚመጣው ልጅ ለምሳ ቤቱ አይሄድም። መጽሐፍ ማንበብ የሚችለው በዚያች ሰዓት ነው። እሱ ግን ከውጭ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። ይህን ለማስተካከል በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ተማሪ ስብሰባ ላይ ቢናገር ይበቃል።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚሉን አሉ። ተማሪ ብቻውን ያቡካ ያለ የለም። ደግሞም የትኞቹ ልጆች እንደሆኑ እንያቸው። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ላይ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ አለ። ዓርብ ማታ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፣ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ሳምንቱን ሙሉ ራሱ ያበስላል፣ ልብሱን ያጥባል፣ በርበሬውንና ጋዙን ቆጥቦ ያደርሳል፣ ኪራይ ይከፍላል። ኑሮውን በራሱ የሚመራ ልጅ ስለ ትምህርት ቤቱ ውሃ ሐሳብ የለውም እንዴት ይባላል? አሥራ ሁለተኛ ክፍል ካሉት ብዙዎቹ 18 ዓመት ሞልቷቸዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 የምክር ቤት አባል መምረጥ ይችላሉ።

አዲስ ነገር እየጠየቅሁም አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት ተቋማትን የሚመሩት ቦርዶችና ኮሚቴዎች መምህራንና ተማሪዎችም ያሉባቸው እንዲሆኑ ደንግጎ ነበር። አገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 12 ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ሁሉ ሐሳባቸውን የመግለጽ መብት እንዳላቸው ይላል። ሐሳባቸው እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ብስለታቸው ክብደት እንዲሰጠውም ያዛል።

በዚህ ወቅት ምን ያህል ጭንቀት እንዳለባችሁ አውቃለሁ። በጸጥታው ምክንያት ትምህርት የተቋረጠባቸው ቦታዎች አሉ። በ2014ቱ ጦርነት የተጎዱ ትምህርት ቤቶችም አሉ። ይህ ጉዳይ ይቆይ የሚል ይኖራል። እኔ ግን ከቤት ከርሞ የተመለሰ ተማሪ ምን እንደጎደለው መጠየቅ ያለበት አሁን ነው እላለሁ። ወንበር ይቅደም ወይስ መጽሐፍ፣ ማካካሻው ቅዳሜ ይሁን ወይስ ከሰዓት፣ መልሱ እሱ ጋ ነው።

የምለምናችሁ ይህን ነው። የተማሪ ተወካዮች በተማሪዎች በምስጢር ድምፅ ይመረጡ። አሁን በብዙ ቦታ ደረጃ የወጣውን ወይም ዝም የሚለውን ልጅ መርጠን የምናቀርበው እኛ ነን። ከተወካዮቹ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ። አጀንዳው ከስብሰባው ሁለት ቀን ቀድሞ ይሰጣቸው፣ በየክፍሉ ዞረው ጓደኞቻቸውን ይጠይቁበት። የድጎማ በጀቱ ዕቅድና ወጪ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ፣ በሚኒ ሚዲያም ይነበብ። ከበጀቱ የተወሰነው ክፍል ምን ላይ እንደሚውል ተማሪዎቹ ራሳቸው ይወስኑ። የፈተና ውጤትና የመምህር ቅጥር የነሱ ጉዳይ አይደለም፤ ይህም ከመጀመሪያው ይነገራቸው። ላቀረቡት ሐሳብ ርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ መልስ ይስጥ። እምቢ ካለም ምክንያቱን ይጻፍ።

ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምጠይቃችሁ ስለ ፍርሃታቸው ነው። «ከተናገርኩ በማርክ ይያዝብኛል» የሚሉኝ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። ይህ ፍርሃት ካለ ምርጫውም ስብሰባውም ዋጋ የለውም። በተናገረው ምክንያት በደል የደረሰበት ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ውጪ አቤት የሚልበት ሰው በየወረዳው ይመደብለት። ሱፐርቫይዘሮችም ለጉብኝት ሲመጡ ርዕሰ መምህሩ በሌለበት ከተማሪ ተወካዮች ጋር ለብቻቸው ይነጋገሩ።

መመሪያው ክረምት ሳያልቅ ለትምህርት ቤቶች ከደረሰ፣ ምርጫውን ምዝገባ እንዳለቀ በጥቅምት ማካሄድ ይቻላል። እኔ ባለሁበት ትምህርት ቤት ለማስተባበር ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ሰሜን ሸዋ

ግልባጭ፦
ለየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ለየትምህርት ቤቱ ወተመህ