ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ጠማማው ጣሪያ

ይድረስ ለልጄ፣ እንዴት ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ግን አይጣል ነው።

ስለ ጣሪያ ፈተናሽ ስትነግሪኝ አንድ ቤተ ክርስቲያን ትዝ አለኝ። በስልክ ስለማያልቅ ነው የምጽፍልሽ። ከሼፊልድ ወደ ለንደን በባቡር ሲኬድ ቼስተርፊልድ የምትባል ከተማ አለች። የአጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን፣ የቅድስት ማርያምና የቅዱሳን ሁሉ፣ ሹል ጣሪያው ከሩቅ ይታያል። ጠማማ ነው! ጠማማ ስልሽ ትንሽ ያዘነበለ እንዳይመስልሽ፤ ሲጨመቅ እንደሚጠመዘዝ ነጠላ 45 ዲግሪ ያህል ዞሯል። ከፍታው ከመሬት 69 ሜትር ገደማ ነው። ጫፉ ደግሞ ከመሃሉ ወደ 3 ሜትር ተንሻፏል።

በአቅራቢያው ቦልሶቨር ከምትባል ከተማ አንድ ብረት ቀጥቃጭ ለሰይጣን ጫማ ሲመታለት ሚስማሩ ሥጋው ውስጥ ገባ፤ ሰይጣንም ሕመሙ አስዘልሎት ጣሪያውን በእርግጫ አለው ይላሉ። እኔ አናጺ ነኝና ሰይጣንን ነጻ አውጥቸዋለሁ።

ጣሪያው የተሠራው በ1362 አካባቢ ነው፣ በፈረንጆቹ። ጥቁር ሞት የሚሉት ወረርሽኝ እንግሊዝ ከገባ ገና 14 ዓመቱ ነበር። ዋና ዋናዎቹ አናጺዎች በዚያ አልቀው ሥራው ልምድ በሌለው እጅ ወደቀ የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ጥፋቱን በእርጥቡ እንጨት ላይ ይጥላሉ። እዚህ ላይ አልስማማም። በዚያ ዘመን ኦክ የሚባለውን ጠንካራ እንጨት በእርጥቡ መጥረብ የተለመደ ነበር፤ ሲደርቅማ መጥረቢያ አያስደፍርም። ሌላው ሁሉ ጣሪያ ለምን አልተጠማዘዘ ታዲያ?

ማማው ላይ የሚያወጣ አስጎብኚ ስላለ ወጥቼ ከውስጥ አየሁት። ምሰሶውና ወራጁ እንደ ጫካ ነው። በሰያፍ ገብቶ የሚያስተሳስራቸው ደጋፊ ግን በቂ የለም። ከላዩ 33 ቶን የሚባል የእርሳስ ቆርቆሮ ተጭኖበታል። በደቡብ በኩል ያለው እርሳስ ፀሐይ ስለሚያገኘው ከሰሜኑ ይልቅ ይለጠጣል። እንጨቱ እየደረቀ ሲኮማተር፣ ክብደቱ ሲጫነው፣ የሚይዘው ሰያፍ ሲያጣ፣ ዞረ።

በ1961 እሳት ተነስቶ የቤተ ክርስቲያኑን ውስጥ ጎድቶት ነበር፤ የ1756ቱ ኦርጋንም ተቃጠለ። ጣሪያው ግን ተረፈ። ከተማው እንደሆነ በጠማማነቱ ይኮራል፤ የኳስ ቡድናቸው ቅጽል ስም እንኳ ከእሱ የተወሰደ ነው።

ያነሳሁትን ፎቶ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። ሰያፎቹ የት የት መግባት እንደነበረባቸው በእርሳስ ሥለሽ ላኪልኝ። እኔም የራሴን ሥዬ አስቀምጫለሁ፤ እናስተያያለን።

አባትሽ