የአሚራ አበባ ነጭ ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት በአዲስ አበባ ዙሪያ በዱር ስለሚበቅለው አሚራ ስለሚባለው ተክልና ስለ ሄርባሪየም (የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ስብስብ) መዝገቦች ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከጽሑፉ በላይ ያ የሰማያዊ አበባ ፎቶ ምን ይሠራል? እሱ በየግቢው አጥር ላይ የሚንዠረገገው ፕላምባጎ አውሪኩላታ ነው፤ አገሩ ደቡብ አፍሪካ፣ እዚህ የገባውም በሰው እጅ ነው። የእኛ አሚራ፣ ፕላምባጎ ዘይላኒካ፣ አበባው ነጭ ነው።

«ሁለቱም አንድ ቤተሰብ ናቸው» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ናቸው። ነገር ግን ናሙና ሲደርቅ የአበባው ቀለም ይለቃል። ስለዚህ ሰብሳቢው ቀለሙን እዚያው ሜዳ ላይ ይጽፋል፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ናሙናውን የሚያይ ሰው የሚያምነው ያንን ጽሑፍ ነው። ስለ መዝገብ ጥንቃቄ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፋችሁ የሳታችሁት ይህንኑ ቀለም ነው።

በዘገባችሁ «ተመራማሪዎች ያገኙት ተክል» የሚለው ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ያደግኩት አቃቂ ወንዝ ዳር ነው። ልጅ ሆኜ የአሚራ ሥር ወቅጬ ያበጠ ቅልጥሜ ላይ ለጠፍኩና አሳደርኩት። ሲነጋ ውሃ ቋጥሮ ነበር፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። እናቴ «ሥሩን በነካ እጅሽ ዓይንሽን እንዳትነኪ» ትለን የነበረው በሥሩ ውስጥ ያለውን ፕላምባጂን የሚባል የሚያቃጥል ነገር በስሙ ሳታውቀው ነው።

ከዓመታት በፊት ከአንድ ኮሌጅ ሰዎች መጡ፤ ከጠዋት እስከ ቀትር መራኋቸው። የአበባው ማቀፊያ በሚያጣብቁ ፀጉሮች የተሸፈነ ስለሆነ ቀሚሴ ላይ የተጣበቀውን ጭምር ለቅመው፣ በጋዜጣ ገጾች መሀል አስተኝተው፣ በእንጨት ርብራብ ጭነው በገመድ አሰሩት። የሰፈሩን ስምና «አሚራ»ን ፊደል በፊደል ነገርኳቸው። በኋላ ናሙናውን የማየት ዕድል ሳገኝ መለያ ወረቀቱ ላይ ያነበብኩት «አዲስ አበባ ዙሪያ፣ ወንዝ ዳር» የሚል ብቻ ነው። የአካባቢ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነበር። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ለተክሉ ያወጣለት «ዘይላኒካ» የሚለው ስም የሴሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ ነው። ከእኛ የሚያገናኘው «አሚራ» የሚለው ብቻ ሆኖ ሳለ እሱን ተዉት።

ያ ወንዝ ዳር ዛሬ የግንባታ አፈር ተደፍቶበታል። ማንም ተመራማሪ ቢመጣ ናሙናው ከየት እንደተቆረጠ ወረቀቱ አይነግረውም። እኔን ግን ጠይቆኝ ቢሆን ከሾላው ዛፍ በታች መሆኑን እነግረው ነበር። የእናንተም ዘጋቢ እስከ እኛ ሰፈር መጥቶ አንድ አሮጊት እንኳ ሳያናግር ተመልሷል።

ከወንዙ ማዶ ከተረፈው ቁጥቋጦ ያነሳሁትን ፎቶ ልኬላችኋለሁ። በሰማያዊው ቦታ አውጡት፤ ከሥሩ ስትጽፉም «አሚራ»ን አስቀድሙ።

ከአቃቂ ወንዝ ዳር አንባቢያችሁ