ጣሪያውን የሚፈትሸውና የሚጠግነው አንድ ሰው አይሁን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባሕር ዳር ውስጥ የንግድ ሕንፃ ጣሪያ ትዝ የሚለው ሐምሌ ላይ ነው። ላይኛው ፎቅ ያለ ተከራይ ዕቃው ላይ ውሃ ሲንጠባጠብበት ለባለሕንፃው ይደውላል፤ ባለሕንፃው ደግሞ ለቆርቆሮ ሠሪ ወይም ለሜምብሬን (ውሃ እንዳያልፍ በኮንክሪት ጣሪያ ላይ የሚነጠፍ ሽፋን) አንጣፊ። የተጠራው ሰው ዝናቡ ጋብ ሲል ይወጣና አየት አድርጎ ይወርዳል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ይሄ ሙሉ ለሙሉ መቀየር አለበት» ነው። ሰውየው የግድ አጭበርባሪ ስለሆነ አይደለም። የሚከፈለው ባነጠፈው ካሬ ሜትር ልክ እንጂ ባየው ነገር ልክ አይደለም፤ ለማየት የከፈለው ሰው የለም። ስለዚህ ፍተሻ ከጥገና ተለይቶ፣ ዋጋው ለብቻው ተቆርጦ፣ ቆርቆሮም ሜምብሬንም በማይሸጥ ባለሙያ ሊሠራ ይገባል እንላለን። ጊዜውም ግንቦት ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ከተማችን በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ስለሆነ፣ 400 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጣሪያ በዓመት 560,000 ሊትር ያወርዳል። በአንድ ከሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 20,000 ሊትር ነው፤ ባለ 5,000 ሊትር የውሃ ታንከር አራቱ ተገልብጦ ማለት ነው። መውረጃው ተደፍኖ ውሃ እየተጠራቀመ ፓራፔቱ (በጣሪያው ዙሪያ ያለው አጭር ግድግዳ) ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢይዝ፣ በየካሬ ሜትሩ 100 ኪሎ፣ በጠቅላላው 40 ቶን ሶሌታው፣ ማለትም የጣሪያው ኮንክሪት፣ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። መውረጃውን ለመድፈን ደግሞ አንድ ፌስታልና ጥቂት ቅጠል ይበቃል።

ደህና ፈታሽ መጀመሪያ ወደ ጣሪያው አይወጣም። ሥራውን የሚጀምረው ከላይኛው ፎቅ ኮርኒስ ሥር ነው። ኮርኒሱ ላይ ያለው ቢጫ እድፍ ብዙ ይናገራል። ቀለበት በቀለበት ከተደራረበ ቦታው ደጋግሞ ረጥቦ ደጋግሞ ደርቋል። በኮንክሪቱ ገጽ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ጨው ካለ ውሃው በሶሌታው ውስጥ አልፎ መጥቷል፤ ቡናማ የዝገት መስመር ከታከለበት ፌሮው ጋ ደርሷል፣ ይህ ለነገ አይባልም። እድፉ የካቲት ላይ፣ ጠብታ ዝናብ በሌለበት ወር የሚረጥብ ከሆነ ግን ጣሪያውን በከንቱ አትውቀሱ፤ ቧንቧው ወይም የታንከሩ ትርፍ ማስወጫ ነው። ይህን ሳይለዩ ሜምብሬን ማስነጠፍ ገንዘብ መበተን ነው። በሌላ በኩል እድፉ ያለበት ቦታና ቀዳዳው ያለበት ቦታ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ውሃ ፐርሊንን (ቆርቆሮው የሚመታበትን አግዳሚ) ወይም ስንጥቅን ተከትሎ ሜትሮች ሊሄድ ስለሚችል፣ ከታች ያለው እድፍ ከሁለት ግድግዳ ርቀቱ ተለክቶ በንድፍ ላይ ይሰፍርና ከላይ በዚያው ልኬት ይፈለጋል።

ከላይ፣ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ ከሆነ፣ ቀዳሚው ጥያቄ ውሃው ወዴት ይሄዳል የሚል ነው። የተለመደው ቁልቁለት 2 በመቶ ነው፤ በ10 ሜትር ርዝመት 20 ሴንቲ ሜትር። ይህ በዓይን አይገመትም፣ በቱቦ ውሃ ልክ ይለካል። ዝናብ ካባራ ከ48 ሰዓት በኋላ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ካለ የቁልቁለቱ ጉድለት ነው፤ በበጋ ሲታይም ዳር ዳሩን የደረቀ ጭቃ ከቦ ስለሚቀር ቦታው ይታወቃል። ቀጥሎ ሊሾው በመዶሻ ቀስ እየተደረገ ይመታል። ባዶ ድምፅ የሰጠው ቦታ ከሥሩ ተላቋል።

ሜምብሬኑ ላይ የሚታዩት መጋጠሚያዎቹ ናቸው። ጎን ለጎን ቢያንስ 10፣ ጫፍ ለጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር መደራረብ አለበት፤ የድርርቡ ጠርዝ በቀጭን ስፓቱላ ሲሞከር መግባት የለበትም። ሜምብሬኑ አብጦ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሊሾው ሳይደርቅ መነጠፉ ነው። ታፍኖ የቀረው ርጥበት በቀን ፀሐይ ይተናል፣ ማታ ይሰበሰባል፣ በየቀኑ እብጠቱን ትንሽ ትንሽ ያሰፋዋል። ያልተቀደደ ትንሽ እብጠት ተለክቶና ፎቶ ተነሥቶ ይተዋል እንጂ አይቀደድም። የቀደደ ጠጋኝ አዲስ ቀዳዳ ፈጠረ።

ሐይቁን ለማየት ተብሎ ጣሪያቸው ወደ ካፌነት የተቀየረ ሕንፃዎች የራሳቸው ችግር አላቸው። ሜምብሬኑ በፓራፔቱ ግድግዳ ላይ ካለቀለት ወለል በላይ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መውጣት አለበት። ካፌው በላዩ ሞርታርና ሴራሚክ ጨምሮ ወለሉን 8 ሴንቲ ሜትር ሲያስነሣው የቀረው 7 ነው። ውሃው ሲሞላ ከሜምብሬኑ ጀርባ ይገባል፤ ከዚያም ሴራሚኩን ሳያነሡ ምንጩን ማግኘት አይቻልም። የደረጃው በር መድረክም ከወለሉ እኩል ይሆንና ሲጥል ውሃው ወደ ደረጃው ይወርዳል።

ለቀጣይ ፎቅ ተብሎ የቆመው ፌሮ ሌላው ነው። ኋላ ጂ+4 ይሆናል ተብሎ በጂ+2 የቆመ ሕንፃ ሁሉ ራሱ ላይ ፌሮ አብቅሎ ይታያል። ዝናብ በብረቱ ላይ እየወረደ ወደ ኮለኑ ይገባል፣ ብረቱ ሲዝግ ያብጣል፣ ያበጠው ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል። ፈታሹ የእያንዳንዱን ኮለን ሥር ማየት አለበት። ፌሮው በስስ ኮንክሪት ታሽጎ፣ አናቱ ውሃ እንዲያፈስ ጋደል ብሎ ካልተሠራ ሪፖርቱ ላይ ይስፈር።

የባሕር ዳርን ዛፍና ወፍም አንርሳ። ወፍ የዋርካና የሾላ ፍሬ በልታ ፓራፔት ላይ ታርፋለች፤ ዘሩ በመውረጃው አፍ በተከማቸው አፈር ላይ ይበቅላል። ጣት የምታክል ችግኝ በታየች ጊዜ ሥሯ አስቀድሞ መጋጠሚያውን ከፍቷል። እንደ አረም ተጎትታ ብትነቀል ሜምብሬኑን ይዛ ትመጣለች። ከሥሩ ተቆርጣ፣ ሥሩ እስኪደርቅ ተጠብቆ፣ ቦታው ይታሸጋል። መውረጃው ቢያንስ ሁለት ይሁን፤ ሁለቱም ቢደፈኑ ውሃው ወደ ውጭ የሚወጣበት ከጣሪያው ወለል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ቀዳዳ በፓራፔቱ ላይ መኖሩ ይረጋገጥ።

የቆርቆሮ ጣሪያ ባላቸው መጋዘኖችና የገበያ ሕንፃዎች ትልቁ ጠላት በብሎኑ ሥር ያለችው ጎሚኒ ናት። ጎንበስ ብሎ ላያት፣ ጤነኛዋ ጎሚኒ ከብሎኑ ቆብ ሥር በዙሪያው እኩል ብቅ ትላለች። ብሎኑ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ተጨፍልቃ ወደ ጎን ትወጣለች፤ ከላላ በጥፍር ትዞራለች፤ ፀሐይ ከበላት ግራጫ ሆና ፀጉር በሚያክል ስንጥቅ ትሞላለች። ሁሉንም ብሎን መንካት ስለማይቻል ከየአቅጣጫው ናሙና ይወሰዳል፤ ጠርዝና ማዕዘን ላይ ያለው ግን አንድም ሳይቀር ይታያል፤ ነፋስ ቆርቆሮ መንቀል የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ቆርቆሮው ከግድግዳ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በሲሚንቶ መድፈን የተለመደ ነው፤ የተሳሳተም ነው። 10 ሜትር ቆርቆሮ ከንጋት ቅዝቃዜ እስከ ቀትር ግለት በ40 ዲግሪ ቢለዋወጥ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ያጥራል። ሲሚንቶ ይህን አይከተልም፤ በዓመቱ ይሰነጠቃል። እርጥብ ሲሚንቶ ዚንኩንም ይበላዋል። ትክክለኛው መፍትሔ ግድግዳው ውስጥ ገባ ብሎ የታሸገ፣ ቆርቆሮው በሥሩ እንደልቡ የሚንሸራተትበት ፍላሺንግ፣ ማለትም መጋጠሚያውን የሚሸፍን የታጠፈ ቆርቆሮ ነው። ብረት በመቁረጫ ማሽን ተቆርጦ ፍንጣሪው ጣሪያው ላይ ከቀረም በየነጥቡ ዝገት ይጀምራል፤ የዚያኑ ቀን ይጠረግ። አሸንዳው በየሜትሩ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ዘቅዘቅ ማለቱ ይለካል።

በዓይን ያልተገኘ ፍሳሽ በጎማ ውሃ ይፈለጋል፦ ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ፣ አንዱን ቦታ ሩብ ሰዓት ያህል እያጠጡ፣ ውስጥ አንድ ሰው ኮርኒሱን ገልጦ እየጠበቀ። ከላይ የጀመረ ሁሉንም በአንዴ ያረጥብና የትኛው እንዳፈሰሰ ሳያውቅ ይውላል። የሙቀት ካሜራ ያለው ባለሙያ ደግሞ ፀሐያማ ቀን ይመርጥና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይወጣል፤ ከሜምብሬኑ ሥር የረጠበው ቦታ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ከሌላው ደመቅ ብሎ ይታያል።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ብቻ። ብርሃን እንዲያስገባ የተደረገ ፕላስቲክ ቆርቆሮ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ የሰው ክብደት አይችልም፤ አቧራ ሲለብስ ከብረቱ አይለይም። መጀመሪያ ከውስጥ ቦታው ይቆጠር፣ ከላይ ምልክት ይደረግበት። መራመጃው የብሎን መስመር፣ ማለትም የፐርሊኑ አናት ነው።

ሪፖርቱ እጅ ላይ ሲደርስ ሦስት ነገር ይኑረው፦ የጣሪያው ንድፍ ላይ በቁጥር የተመለከተ እያንዳንዱ ጉድለት፣ ሜትር አጠገቡ ተዘርግቶ የተነሣ ፎቶ፣ እና መጠን። «ፍላሺንጉ ተበላሽቷል» አይበቃም፤ «በምሥራቅ ግድግዳ 18 ሜትር ፍላሺንግ፣ 240 ብሎን ከነጎሚኒው» ይባል። ከዝናብ በፊት የሚሠራው፣ በዓመቱ ውስጥ የሚሠራውና ዝም ብሎ የሚታየው ይለይ። ባለሕንፃው ይህንኑ መጠን ለሦስት ጠጋኞች ይስጥና ዋጋ ይቀበል፤ ያኔ የሚያወዳድረው ዋጋን ከዋጋ ጋር እንጂ አንዱ «ልጠግን» ያለውን ሌላው «ልቀይር» ካለው ጋር አይሆንም። ጥገናው ሲያልቅ ክፍያ ከመልቀቁ በፊት ፈታሹ ተመልሶ ያየዋል። ጥቅምት ላይ ደግሞ ክረምቱ ምን እንዳደረገ ለማየት ያንኑ ንድፍ ይዞ አንድ ጊዜ ይውጣ።

እስከዚያው ድረስ የጣሪያው በር ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ይሁን። ዲሽ ሊተክል ወይም የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ሊገጥም የወጣ ሁሉ የበሳውን ቦታ ለጥበቃው አስመዝግቦ ይውረድ።

ከአክብሮት ጋር
በሕንፃ ጣሪያ ፍተሻ ሥራ ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎች
ባሕር ዳር