ልጅ እንስሳ ሲያሠቃይ የት እንውሰደው? ለፍትሕ ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዴሪ ፍትሕ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በእንስሳት ላይ ጭካኔ የሚፈጽሙ ልጆችና ወጣቶች በሕግ ስለሚታዩበት አሠራር

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ልጆች ይታሰሩልን ለማለት አይደለም። ልጅ እንስሳ ሲያሠቃይ ያየ ሰው የት ሄዶ ለማን እንደሚያመለክት ግልጽ አድርጉልን ለማለት ነው።

በክረምቱ የትምህርት ዕረፍት በሰፈራችን ያሉ ልጆች አንዲት ቡችላ አንገቷን በኤሌክትሪክ ሽቦ አስረው ኮብልስቶኑ ላይ ሲጎትቷት ነበር፤ አንደኛው በስልኩ ይቀርጻል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። ሽቦው ቆዳዋን በልቶ ስለገባ በጣት የሚፈታ አልሆነም፤ አንድ ጎረቤታችን በፒንሳ ቆርጦ አላቀቃት። ለፖሊስ ላመለክት ስሄድ ተረኛው ቀና ብሎ «ውሻዋ የማን ናት?» አለኝ። የማንም እንዳልሆነች ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በእሱ አልፈርድም። የሰው ላም ወይም የሰው በግ ብትሆን ኖሮ የንብረት ጉዳት ብሎ መዝገብ ይከፍት ነበር፤ ባለቤት ከሌለ ግን ተበዳይ የሚባል የለም፣ መዝገብም የለም።

ሕጉ ግን ያን ያህል ባዶ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ እንስሳትን ማሠቃየት ከደንብ መተላለፍ ጥፋቶች ተርታ ይመደባል። ትንሽ ጥፋት ነው ማለት ነው፤ ትንሽ በመሆኑም የሚከታተለው አይገኝም። ልጆችን በተመለከተ ደግሞ ያው ሕግ ከብዙዎቻችን ግምት በላይ አስቦበታል። ዕድሜው ከ9 ዓመት በታች የሆነ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው በአዋቂ ቅጣት አይቀጣም፤ ከአንቀጽ 157 ጀምሮ የተዘረዘሩት እርምጃዎች ናቸው የሚወሰኑበት። ተግሣጽ አለ፣ በኃላፊ ሰው ክትትል ሥር ሆኖ መታረም አለ፣ ሲብስም ማረሚያ ተቋም መግባት አለ።

እኔን ከሁሉም የሚማርከኝ አንቀጽ 161 ነው። ፍርድ ቤቱ ልጁን በትርፍ ሰዓቱ ወይም በዕረፍት ቀኑ በትምህርት ቤት ወይም በቤቱ ተወስኖ ለዕድሜው የሚመጥን ሥራ እንዲሠራ ማዘዝ ይችላል። ቡችላዋን የጎተተው ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ኳስ ሜዳ መሄዱ ቀርቶ፣ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ባለበት በትምህርት ቤቱ ግቢ ቁስል እንዴት እንደሚታጠብ እያየ ውኃ ሲያመላልስ ይታየኛል። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። ዳኛው፣ ርእሰ መምህሩና ሐኪሙ እንዲነጋገሩ የሚያዝ አንድ መመሪያ ይበቃል።

መንገዱም ክፍት ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 172 ወጣት ጥፋተኛን ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ብቻ ሳይሆን ወላጅ፣ አሳዳጊ ወይም ከሳሹ ራሱ በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት ወዲያው ሊያቀርበው እንደሚችል ይናገራል። ጉዳዩ የሚሰማውም በዝግ ነው። ይህን የሚያውቅ ወላጅ ስንት አለ? የሚያውቅ የፖሊስ አባልስ?

ችግሩ የ16 እና የ17 ዓመቱ ጋ ነው። እሱ በመደበኛው ሕግ ነው የሚጠየቀው፤ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ቢችልም የደንብ መተላለፍ ቅጣት መቀጮ ወይም አጭር እስር ነው። መቀጮውን አባት ይከፍላል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እስር ቤቱ ደግሞ ለእንስሳ መራራትን የሚያስተምር ቦታ አይደለም። ሕጉ የሚሻሻልበት ጊዜ ሲመጣ አንቀጽ 161ን የመሰለ እርምጃ ለእነዚህም እንዲደርስ እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ጋር እንዳይደባለቅብን። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ብዙ አህያ ካላቸው አገሮች ቀዳሚ ናት፤ ከእህል በረንዳ እስከ ወፍጮ ቤት አህያ የሚነዱት ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ጀርባው የተላጠ አህያ በዱላ ሲመታ ስናይ ዓይናችን የሚያርፈው ልጁ ላይ ነው። ከአቅም በላይ የጫነው፣ «እስከ እኩለ ቀን ሦስት ጊዜ ካልተመላለስክ» ብሎ የላከው አዋቂ ግን ጥላ ሥር ተቀምጦ ገንዘብ ይቆጥራል። እዚያ ላይ መጠየቅ ያለበት ጫኙ ነው። ልጁን ብቻ ይዞ የሚሄድ ፖሊስ ከሚፈጠርብን፣ አሁን ያለው ዝምታ ይሻለኛል።

እኛ አዋቂዎችስ ምን እያሳየናቸው ነው? ከተሞቻችን ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ ሲያጠፉ ኖረዋል፤ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ መንገድ ዳር አረፋ ደፍቆ የሚንፈራገጥ ውሻ አልፎ ነው የሚሄደው። ጉዳዩ የጤናም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የእብድ ውሻ በሽታ በተጠረጠረባቸው እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ውሻን በድንጋይ እያሳደደ የሚጫወት ልጅ ራሱን ለንክሻ እያቀረበ ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። ፖሊስ «የማን ናት?» ብሎ ሳይመልስ አቤቱታውን እንዲመዘግብ የሚያዝ ደብዳቤ ለየክልሉ ይጻፍ። ምዝገባውም ራሱን የቻለ ይሁን፤ የአሜሪካው ኤፍቢአይ በእንስሳት ላይ የሚፈጸምን ጭካኔ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ ለብቻው ይመዘግባል፣ እኛ ግን ልጆቻችን ምን እያደረጉ እንደሆነ የምናውቀው ከቲክቶክ ነው። የተመዘገበው ልጅም ጣቢያ ሳያድር ወላጁ ተጠርቶ በአንቀጽ 172 መሠረት ዳኛ ፊት ይቅረብ። ወላጅም ልጁ በሰው እንስሳ ላይ ላደረሰው ጉዳት ካሣ ሊከፍል እንደሚችል በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መደንገጉን በየትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ላይ ይነገረው።

መልሳችሁን በግልጽ ብትሰጡን ለሌሎችም ሰፈሮች ይጠቅማል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ፖሊስ ኮሚሽን
ለትምህርት ሚኒስቴር