ከጉድጓድ የወጣውን አለት አትጣሉብን
ይድረስ ለነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ቁፋሮ ባለቀ ቁጥር መግለጫው ላይ የሚጮኸው አንድ ቁጥር ነው። «አለቱ 4 በመቶ ኦርጋኒክ ካርቦን አለው» ይባላል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል። ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ብቻውን ግን ዘይት አለ አያሰኝም።

ዋናው ጥያቄ ካርቦኑ ከምን መጣ የሚለው ነው። ወንዝ ጠርጎ ያመጣው የእንጨት ቅሪት ሲሞቅ በአብዛኛው ጋዝ ይሰጣል። በሐይቅ ወይም በባሕር የኖረ አልጌ ግን በሃይድሮጅን የበለጸገ ስለሆነ ዘይት ያመነጫል። እሱም ቢሆን ሳይበሰብስ መቀበር አለበት። የዛሬውን ጥቁር ባሕር ይመልከቱ። ከ200 ሜትር በታች ውኃው ኦክስጅን የለውም፤ ወደ ታች ከሚወርደው ቅሪት የተወሰነው ተርፎ ከደለሉ ጋር ይቀበራል። የሰሜን ባሕርን ዘይት ያመነጨው የኪመሪጅ ሸክላ አለትም ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ኦክስጅን ባጠረው የባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ነው።

ሙቀቱም አለ፤ የተቀበረው ቅሪት ዘይት የሚሆነው ከመሬት ሥር በበቂ ሲሞቅ ነው። የአሜሪካው ግሪን ሪቨር አለት አልጌ የሞላበት የጥንት ሐይቅ ደለል ነው። ካርቦኑ የሚያስቀና ነው፤ ግን ብዙው ክፍሉ በቂ ሙቀት አላገኘም። ስለዚህ ዘይት የፈለገ ሰው አለቱን ራሱ ማሞቅ አለበት።

ይህን ሁሉ የሚናገረው አለቱ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ ትራይብስ በ1930ዎቹ በድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ ከክሎሮፊል የመጡ ሞለኪዩሎችን አገኘ። ዛሬ በእንዲህ ያሉ አሻራዎች አንድ ዘይት ከየትኛው አለት እንደወጣ፣ አለቱም በምን ዓይነት ውኃ ሥር እንደተከማቸ ማወቅ ይቻላል። ናሙናው ከተጣለ ግን አለቀ። ያንኑ ጉድጓድ ለናሙና ብሎ ደግሞ የሚቆፍር የለም።

ስለዚህ በውሉ ውስጥ ይግባልን የምንለው ይህ ነው። ኩባንያው የአለቱን ናሙና ጥልቀቱን ጽፎ ያስረክብ። ከካርቦኑ መጠን ጋር የሃይድሮጅን ኢንዴክሱን (ካርቦኑ ምን ያህል በሃይድሮጅን የበለጸገ እንደሆነ የሚያሳየውን ቁጥር)፣ የብስለት ልኬቱን (አለቱ ምን ያህል እንደሞቀ የሚያሳየውን)ና የሞለኪዩል ትንተናውን ጥሬ ውጤት ያስገባ። ምን ዓይነት የቁፋሮ ጭቃ፣ ማለትም ሲቆፈር ወደ ጉድጓዱ የሚገባ ፈሳሽ፣ እንደተጠቀመም ይመዝግብ። ይህቺ ነገር ቀላል ትመስላለች፤ ግን ዘይት የተቀላቀለበት ጭቃ ባዶውን አለት ባለዘይት አስመስሎት ቁጭ ይላል!

ኩባንያዎች ሚስጥራችን ይወጣል ብለው እንደሚያጉረመርሙ እናውቃለን። ፍትሐዊ ስጋት ነው፤ መፍትሔም አለው። በኖርዌይ የጉድጓድ መረጃ በአብዛኛው ከ2 ዓመት በኋላ ለሕዝብ ይለቀቃል፣ ናሙናውም በመንግሥት ማከማቻ ይቀመጣል። እርስዎም የሚስጥሩን ጊዜ ወስነው፣ የማከማቻውን ወጪ ከፈቃድ ክፍያው ላይ መመደብ ይችላሉ። ከሚቀጥለው ጨረታ በፊት መልስዎን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር